የአያ ታምሬ ጉጠት

የልጅ ልጄ መቅደስ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ መጣች። መቅደስ ዶቃ ትሰካለች፤ ጉትቻ፣ አምባር፣ የአንገት ጌጥ እየሠራች እዚሁ ደብረ ማርቆስ ለሙሽሮችና ለተማሪዎች ትሸጣለች። ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «እምዬ፣ እስኪ እይልኝ፤ ሻጩ ዘንድሮ የገባ ምርጥ ዕቃ ነው ብሎኛል» አለችኝ። ክዳኑን ስከፍተው የብረትና የማሽን ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሦስት ፒንሳ፣ አንድ መቀስ፣ አንዲት ቀጭን ሞረድ፣ በወረቀት የተጠቀለለ መርፌ። ሻጭ ምርጥ ነው ያለኝን ዕቃ በሕይወቴ አምኜ ስለማላውቅ መነጽሬን አደረግሁና አንድ በአንድ መመርመር ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ፒንሳ ዘግቼ ወደ መስኮቱ አነሣሁት፤ በከንፈሮቹ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። ገፋሁት። ሁለተኛው ጥርስ አለው፤ ጥርስ ያለው ደግሞ የብር ሽቦ ያቆስላል። ሦስተኛውን ከራሴ አንድ ሽበት ነቅዬ አስነከስሁትና ሳብሁ፤ ፀጉሩ ሾልኮ ወጣ። መቅደስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እምዬ ደግሞ! ዕቃ እኮ ነው፤ የተያዘ ሌባ አስመሰልሽው!» «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኋት። አፌ ላይ የኖረ ተረት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ከተናገርሁት በኋላ ሲመረኝ ዋለ።

ያ የዘይት ሽታ ነው ነገር ያመጣብኝ። መጀመሪያ ያሸተትሁት ጣሊያን አገራችን ላይ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ዓመቱን ቁረጪ ብትሉኝ አልቆርጥም፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በዋጋና በልብስ ነው። አንድ እፍኝ ቀይ ጨሌ በአንድ አሞሌ ጨው ይገኝ የነበረው፣ በሦስት አሞሌም የጠፋበት ጊዜ ነው። ሰው ወረቀቱን ሊሬ በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው ቶሎ የሚያሳልፍበት፣ ማርትሬዛውን ብር ግን ነክሶ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ ድምፁን ሰምቶ መቀነቱ ውስጥ የሚቋጥርበት ጊዜ። የከተማው ኮበሌ ፀጉሩን በሚሸት ቅባት ማስተኛት ጀምሮ ነበር። ካኪ የለበሰ ዘመድ ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን ልብሱን ነበር የምናየው፤ ከየት አገኘው ነው ጥያቄው። አዲስ አቡጀዲ የለበሰች ሴት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የምእመኑ ዓይን ሁሉ ጨርቁ ላይ ያርፋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አሮጌ ነጠላዬን በእንዶድ አጥቤ፣ አንጽቼ ብለብሰው ጎረቤቴ «እነሱ ሰጡሽ እንዴ?» አለችኝ። ንጽሕናም ያስጠረጥር ነበር ማለት ነው። ልጃገረዶቹ ወንዝ ሲወርዱ የሚያንጎራጉሯት ግጥም ነበረች፤

ዶቃዬን ስሰካ ተቆረጠ ክሩ፣
ማን ይለቅምልኛል፣ ወንዱ ገብቶ ዱሩ።

ይህችንም ቢሆን የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ብቅ ካለ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ያስቀራሉ።

ዶቃ ተራ የነበረው ከቅቤ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ጨው ተራ ሳይደርስ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ዛሬ ዋርካው የለም፤ በቦታው አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ከፍቷል፤ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር እግሬ ይከብደኛል። ስድስት ሴቶች ነበርን። እኔ ትንሿ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ጦር ሜዳ ሄዶ ቀርቶ፣ ወንድሜ አደመ ዱር ገብቶ፣ እኔ በክርና በመርፌ እንጀራዬን የምጋግር ብቸኛ ሴት ነበርሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ የተራው ታላቅ፣ ረዥም፣ ቁጡ፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ስላለ ምሥጢርም ሲያወሩ ገበያው የሚሰማቸው ሴት። እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። የሙሽራ ድሪ እንዴት እንደሚሰካ፣ ክር እንዴት ሰም እንደሚጠጣ ከማሳየታቸው በፊት ዕቃ መምረጥ ነው ያስተማሩኝ። «መርፌ ስትገዢ ዓይኑን እንጂ ጫፉን አትይ፤ ጫፍ ይሳላል፤ ሻካራ ዓይን ግን እያየሽው ክርሽን ይበላዋል» ይሉኝ ነበር። «ወስፌ እጄታው ከመዳፍሽ ላይ ካልተኛ ተይው፤ ቀን ብትሸነግዪው ማታ ክንድሽ ያወጣዋል።» መቅደስ ዛሬ ፒንሳ የምትለውን ጉጠትን በተመለከተ ደግሞ ሦስት ነገር ነበራቸው፦ ሲዘጋ ብርሃን እንዳያሳልፍ፣ ፀጉር ነክሶ ሳይቆርጥ እንዲይዝ፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት አጥርቶ እንዲጮኽ። የታፈነ ድምፅ ያለው ብረት ውስጡ ስንጥቅ አለበት።

በዶቃ ተራ አንድ ልማድ ነበረን። ማንኛችንም አዲስ ዕቃ ስንገዛ ብቻችንን አንሠራበትም። ቅዳሜ ገበያ ይዘነው እንመጣና ከታላቂቱ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስድስቱም ይሞክሩታል፣ ያሙታል፣ ይፈርዱበታል። ዕቃ ማስመስከር ነበር የምንለው፤ ቃሉን ከቅኔ ቤት ተማሪዎች ወስደን ነው መሰለኝ። ያላስመሰከረ መርፌ ይዛ የሙሽራ ዶቃ የሰካች ሴት፣ ክሩ ሠርጉ ላይ ቢበጠስ ኃላፊነቱ የራሷ ብቻ ነው። ካስመሰከረች ግን ስድስታችንም ከጎኗ እንቆማለን። ጥሩ ልማድ ነበር፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ብረቱን የምንገዛው ከአያ ታምሬ ነበር። አያ ታምሬ ቀጥቃጭ ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከሰው ተለይቶ። ስለ ቀጥቃጭ የምንለውን የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ቀን ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይበላሃል ይባል ነበር፤ እኔም አምኜ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ የሠራውን ዕቃ ከእጁ አንቀበልም። መሬት ላይ ያኖረውና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ እኛ አማትበን፣ አመድ በትነንበት እናነሣለን። በሠራው ማረሻ የታረሰውን፣ በሠራው ማጭድ የታጨደውን እህል እየበላን እሱን «ቤት ለእንግዳ» ያለው ሰው አልነበረም። የሚሠራበት ጎጆ ውስጥማ ወታደርም ቢሆን አይገባም፤ የባንዳው ሠራዊት ከኛው የበቀለ ስለሆነ ፍርሃቱም የኛው ነበር። ይህን ያኔ አላሰብሁትም። አንድ ነገር መደበቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቤት እንደማያገኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እስከዚያ ዓመት ትልልቅ ጉጠት እንጂ ለዶቃ ሥራ የሚሆን ትንሽ ጉጠት አልነበረንም፤ ሽቦውን የምንጠመዝዘው በጥርሳችን ነበር። የፊት ጥርሴ የተሸረፈው በዚያ ነው። «አያ ታምሬ፣ ከጣቴ የማትረዝም ጉጠት ሥራልኝ» አልሁት። «ለምን ይሆንሻል?» «ለድሪ ሽቦ።» እጄን ከሩቅ አየና «ብረቱ ከተገኘ» አለኝ። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስሁ፤ ሦስቱንም «ብረቱ አልተገኘም» ነው መልሱ። ያ ክረምት ክፉ ነበር። ጨው ፍለጋ ከዱር የወረዱ ሁለት የወንድሜ ጓዶች ገደሉ አፋፍ ላይ ተጠብቀው ተያዙ። መንገዳቸውን የተናገረ ሰው አለ፤ በመካከላችን ጆሮ ጠቢ አለ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በዚህ ዓለም የቀረኝ ሥጋ ዘመድ አደመ ነው፤ ተረኛው እሱ ቢሆንስ? ቄሱንም ጠረጠርሁ፣ ውኃ የምታቀብለኝን ጎረቤትም ጠረጠርሁ። የሰላምታቸውን ርዝመት እለካ ነበር፤ አጭር ከሆነ ለምን አጠረ፣ ረዘም ካለ ምን ሊያወጣጣኝ ነው እላለሁ። በመጨረሻ ጥርጣሬዬ ዞሮ ዞሮ ወንዙን ተሻገረ።

ምልክቱ ብዙ ነበር፤ የጠረጠረ ሰው ምልክት አያጣም። በማርያም ዕለት፣ አገር ሥራ ፈቶ ተቀምጦ፣ ከወንዙ ማዶ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ቀን ደጁ ላይ ዶሮዎቹ ውኃ የሚጠጡበትን ቆርቆሮ አየሁ፤ የነጭ ምግብ የሚመጣበት፣ ባዕድ ፊደል ያለበት ጣሳ ነው። ደጁ በደረስሁ ቁጥር ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዶሮ ታባርራለች፤ ዶሮው ግን ከፊቷ አይታይም። ከዚያ እሱ እጁን እየጠራረገ ይወጣና የበሩን ቆዳ ከኋላው ይጋርዳል። በአራተኛው ቅዳሜ ዋዜማ ስሄድ ጉጠቷን መሬት ላይ አኑሮ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አማትቤ አነሣኋት። እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ከንፈሯ ቀጭን፣ መጋጠሚያዋ የማይወላለቅ፣ እጄታዋ ለኔ መዳፍ የተለካ። ያ የዘይት ሽታም ነበረባት። «ዋጋዋ ስንት ነው?» «የምትሰጪውን።» ቀጥቃጭ ሳይከራከር ሲሸጥ የዚያን ቀን አየሁ። «ብረቱ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ብረት ነው እንግዲህ። ብረት አገር የለውም» አለኝ። ቀጥሎ «እንዲህ ያለ ለማንም ሠርቼ አላውቅ፤ ደኅና አድርገሽ ያዥያት» አለና ፈገግ ሊል ሲል ፊቱን አዞረ። እፍኝ ጨው አስቀምጬለት ወጣሁ። ያ ፈገግታ ሌሊቱን ሁሉ አላስተኛኝም። እኔን ማታለሉ ደስ ብሎት ነው አልሁ።

ቤቴ ገብቼ መረመርኋት። ብርሃን አታሳልፍም። ፀጉር ያዘች። ወፍጮው ድንጋይ ላይ ስጥላት እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ጮኸች፤ የኛ አገር ብረት እንደዚያ አይጮኽም። በመጨረሻ የእጄታዋን ውስጠኛ ጎን በአውራ ጣቴ ስዳብስ ሸካራ ነገር አገኘሁ። በሞረድ ተፍቆ ሳያልቅ የቀረ ሦስት የነጭ ፊደል። የነጭ ብረት ከነጭ እንጂ ከየት ይመጣል? ምን ሠርቶላቸው ሰጡት? ወንድሜን እንዳላስጠነቅቅ መልእክት የሚያደርስልኝ ገበሬ ከመጣ ወር አልፎታል። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ጉጠቷን ቅዳሜ ዶቃ ተራ አስመሰክራታለሁ፤ ሴቶቹ ፊደሉን ያዩታል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እስከ ማታ ከተማው ያውቃል፤ ከተማው ካወቀ ዱሩም ይሰማል፣ ከታምሬም ይጠነቀቃል። ማንንም ሳልከስ፣ አፌን ሳልከፍት። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጉጠቷን አውጥቼ ለእትዬ ዘውዴ ሰጠኋቸው። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው አስነከሷት። «ኧረ እንዴት ያለች ናት! አንጓቼ፣ ይህችን ማን ሠራልሽ?»

«አያ ታምሬ ነው።»

«ታምሬ? ታምሬ ይህን ብረት ከየት ያመጣል?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቅ» አልሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ዓይኔን ጨሌዬ ላይ ተክዬ።

እትዬ ዘውዴ አውራ ጣታቸው ሸካራው ላይ ደረሰ። ወደ ፀሐይ አነሧትና በዚያ በማይታፈን ድምፃቸው «ይህ ምንድን ነው? የነሱ ፊደል አይደለም እንዴ!» አሉ። የጨው ነጋዴዎቹ ዞር አሉ። ቅቤ ተራ ላይ ቅል ይዞ የሚከራከር አንድ ካኪ ለባሽም ነበር፤ ዞሯል አልዞረም አላየሁም። ጉጠቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዷ እንደ እሳት ቶሎ አቀበለቻት፣ ሌላዋ አገላብጣ አይታ ለቀጣይዋ አሳለፈቻት። ማንም አልፈረደባት፤ ያለ ፍርድ ተመልሳ እጄ ገባች። ደስ አለኝ። አሁን ልዋሽ አልችልም፤ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ የዚያን ቀንም ከወትሮው አብልጬ ሸጥሁ።

ሰኞ ጠዋት ወታደሮች ወንዙን ተሻገሩ። ማንም የማይገባበትን ጎጆ ቆዳውን ቀደው ገቡ፤ ነጩ አለቃ ቡዳ አይፈራም፣ እሱ ፊት ፊት ሲሄድ የኛዎቹ ተከተሉት። ከወናፉ ሥር ቆፍረው ሦስት ጠመንጃ አወጡ፤ አንዱ ተጠግኖ ያለቀ፣ ሁለቱ ገና የተፈቱ። አያ ታምሬ በበዓል ቀን ሲቀጠቅጥ የነበረው ያንን ነው። ለነጭ አልነበረም የሚሠራው፤ የዱሩን ሰው መሣሪያ የሚጠግን፣ በዚያ ሁሉ አገር የቀረ አንድ እጅ እሱ ነበር። ሚስቱ ኋላ ወንዝ ዳር ስታለቅስ እንደተናገረችው መጀመሪያ የጠየቁት «የዶቃ ሴቲቱን ጉጠት የሠራህበት ብረት ቀሪው የት አለ?» ብለው ነው። እኔ ዘንድም መጡ። ሹምባሹ፣ የባንዶቹ አለቃ፣ ጉጠቷን አገላብጦ አየ፤ «በእፍኝ ጨው ገዛኋት፣ ሌላ አላውቅም» አልሁት፤ እግሬ ሥር ወረወራትና ሄደ። አያ ታምሬን እጁን በሽቦ አስረው ካሚዮን መኪና ላይ ሲጭኑት ከአጥር ውስጥ ሆኜ አየሁት። ዘመዶቹ ወዴት እንደ ወሰዱት እንኳ ሳያውቁ ቀሩ፤ አልተመለሰም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አምበር በኩል ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ዶቃ ተራ ዶቃ ተራ አልሆነም። ከስድስታችን አንዷ ነግራለች፣ ወይም ካኪ ለባሹ ሰምቷል፣ ወይም ከጨው ነጋዴዎቹ አንዱ፤ እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ የሚያውቅም አላገኘሁም። እኛ ግን ጥፋቱን በመካከላችን ፈለግን። መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ መቀመጥ መጣ። ከዚያ አንዷ ወደ ቅቤ ተራ ዞረች፣ ሌላዋ ታመምሁ ብላ ቀረች። ዕቃ ማስመስከር ቀረ፤ እያንዳንዷ መርፌዋን በመቀነቷ ቋጥራ ይዛ ትመጣለች፣ ቋጥራ ትሄዳለች። እኔን በተመለከተ ሹክሹክታው ጆሮዬ ደረሰ። ለምን እሷን ተዋት? ጉጠቱ የሷ፣ የተያዘው ሌላ ሰው! ነጠላዬ ላይ የሚያርፈው ዓይን አሁን ፊቴ ላይ ማረፍ ጀመረ። መቅደስ ይህን ስነግራት «ታዲያ ለምን ጉጠቷን አልጣልሻትም?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጣልኋትም። ቁርጡን ልናገር፤ እሷን የሚያህል ዕቃ ስለሌለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼባታለሁ፤ ኋላ አግብቼ የወለድኋትን የመቅደስን እናት ያሳደግሁት በሷ ነው። አንዳንድ ቀን የሽቦ ዓይን ስጠመዝዝ የአያ ታምሬ እጅ በሽቦ መታሰሩ ትዝ ይለኝና ሥራዬን አስቀምጬ ደጅ እወጣለሁ፤ ተመልሼ ግን እሠራለሁ።

ጣሊያን ወጣና ወንድሜ ተመለሰ። ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ጎፈሬው ከጣሪያዬ ጋር እየታከከ ሲገባ መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ከዚያ እልል ብዬ ጎረቤት ሰበሰብሁ። ሰዉ ከሄደ በኋላ የዶቃዬን ሰፌድ ሲያይ ዓይኑ ጉጠቷ ላይ አረፈ። አነሣትና እንደ ልጅ ሳቀ።

«ደረሰችሽ እንዴ! እሰይ!»

«ምኗ ነው የደረሰኝ?»

«ከደጀን በላይ ያቃጠልናት ካሚዮን ብረት ናት እኮ። ሌሊት በገደል ተሸክሜ ለታምሬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። እኅትህ ለሥራዋ ትንሽ ጉጠት አምሯታል፣ የሚሆን ብረት አጣሁ አለኝ፤ ከዚህችኛዋ ሥራላት፣ ከኔ መሆኑን ግን እንዳትነግራት አልሁት።»

«ለምን? ለምን እንዳይነግረኝ አልኸው?»

«ብትያዢ የማታውቂውን አትናገሪም ብዬ ነዋ።»

ያ ፈገግታ አሁን ገባኝ። ሰውዬው የምሥራች አፉ ውስጥ ይዞ ነበር ፊቱን ያዞረው። ምሰሶውን ተደገፍሁ። ወንድሜ ሳቁ ጠፋ። ጉጠቷን ሰፌዱ ላይ መለሰና በሌላ ድምፅ፣ በጫካው ድምፅ፣ «ታምሬን ማን ነው አሳልፎ የሰጠው?» አለኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሳላውቅ፣ አንተን ላድን ብዬ፣ ስለ ጠረጠርሁት ገበያ መሐል አወጣሁት ማለት ነበረብኝ። የከተማው ሹክሹክታ ግን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ነገ እሱም ይሰማዋል። የገዛ ወንድሜ እነዚያን ካኪ ለባሾች በሚያይበት ዓይን ሊያየኝ ነው። አፌ ከልቤ ቀደመ። «ሰው እትዬ ዘውዴን ይላል» አልሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አደመ እጁን አላነሣባቸውም፤ ያን ያህል አውሬ አልሆነም። ለጓዶቹ ግን ተናገረ። በሳምንቱ ሰዎች ሄደው ላማቸውን ነዱ፣ የዶቃ ሣጥናቸውን ደጅ ላይ ደፉት፣ «አገር ልቀቂ፣ ባንዳ!» አሏቸው። የተደፋውን ጨሌ ከጭቃ ሊለቅሙ ቢጎነበሱ ያገዛቸው ሰው አልነበረም። እኔ ቤቴ ነበርሁ። በሬን ዘግቼ ነበር።

ብዙ ክረምት አለፈ። ደብረ ወርቅ ገብተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ለተሳላሚ ማተብ እየፈተሉ እንደሚኖሩ ሰማሁ። የንስሐ አባቴ «ሂጂ፣ አፍ ለአፍ ንገሪያት» አሉኝና ለመናገር ቆርጬ፣ ስንቄን ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ሲያዩኝ አለቀሱ። የመጣሁበትን ነገር ላስቀድም ብል አሻፈረኝ ብለው፣ በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ውኃ አሙቀው የመንገደኛ እግሬን አጠቡኝ። ጠላ ሰጡኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ጨሌ ዋጋ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ ጆሯቸው ጭራሽ ስለ ደነቆረ እየጮኹ፣ «አንጓቼ፣ አንድ ነገር ሳላውቅ እንዳልሞት ነው የምለምነው። ስሜን ማን አነሣው? እኔ እኮ አላደረግሁትም» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልሁ።

እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ቅቤ ተራ የዞረችውን በትንሿ ጣታቸው፤ «ከዱሮም ትቀናብኝ ነበር።» ታመምሁ ብላ የቀረችውን፤ «ምን አሳመማት?» ባሏ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ያቀብል የነበረችውን። ቶሎ ያቀበለችውን። የያንዳንዷን ነገር ለዓመታት ሲፈትሉት ኖረዋል፤ ማን የት እንደ ተቀመጠች፣ ማን ስትስቅ ጥርሷን እንደ ደበቀች ሳይቀር። አራት ጣት አለቀ፤ አውራ ጣታቸው ቀረ። አዩት፣ አዩኝ፣ «አንቺማ ልጄ ነሽ» አሉና አጥፈው እጄን ያዙኝ።

«እግዜር ያውቃል፣ እትዬ። ይተዉት» አልሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያልሁት ይህንኑ ነው። በነጋታው ተሳልሜ ተመለስሁ። በዓመቱ በሁዳዴ ጾም አረፉ አሉኝ።

አራቱም ሴቶች ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዳቸውም የእትዬ ዘውዴን ስም አላነሡም፤ ያነሣሁት እኔ አንጓች ነኝ።